አራተኛዋ ቁልፍ

ደሴ ውስጥ ሰርግ ደግሶ ደምመላሽን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ወይ ሳይዘፈንለት ያገባ ነው፣ ወይ ሌላ አገር ሄዶ ያገባ ነው። ከፒያሳ ትንሽ ወረድ ብሎ፣ በጫማ ቤትና በፎቶ ቤት መካከል የተሸጎጠች ጠባብ ሱቅ አለችው። ድሮ ካሴት ይሸጥባትና ይገለብጥባት ነበር፤ የካሴት ዘመን ሲያልፍ ስፒከርና ማይክሮፎን ማከራየት ጀመረ። ሰርግ ላይ ደምመላሽ አለ፤ መውሊድ ላይ አለ፤ ጥምቀት ላይ አለ። በጦርነቱ ጊዜ ሱቁ ሙልጭ ብላ ተዘርፋ፣ ግማሽ ዓመት እጁን አጣጥፎ ከተቀመጠ በኋላ ሀ ብሎ የጀመረ፣ የሃምሳ አንድ ዓመት ቀጭን፣ ቁጡና በሥራው የሚኩራራ ሰው ነው።

ኩራቱ ለከት የለውም ይሉታል የሚያውቁት። «በሠላሳ ዓመት ውስጥ እጄ ላይ የጠፋ ድምፅ የለም» ይላል፤ ያልጠየቀውም ሰው ቢሆን ይሰማታል ይቺን። ሚስቱ ሰርካዲስ ሰው ፊት ሲናገራት ዓይኗን ወደ ጣሪያ ትሰቅላለች።

ሁለት ሕግ ነበረው። አንደኛው ስልክ ነው። ሥራ ላይ ሲሆን ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ለሌላ ሰው ይሰጣል። ስልክ ከማሽኑ አጠገብ ሲሆን ድምፅ ውስጥ ይገባና ያበላሻል፣ ከዚያ በላይ ደግሞ ሰውን ያዘናጋል ባይ ነው። በገዛ ወንድሙ ሰርግ ላይ እንኳ ስልኩ በሙሽሪት እቅፍ ውስጥ ነበር የዋለው።

ሁለተኛው ሕግ አዛን ነው። ደምመላሽ ጾም የማይገድፍ ክርስቲያን ነው፤ ግን አዛን ከተሰማ፣ ሙሽራ እየገባም ይሁን እየወጣ፣ ድምፁን ጸጥ ያደርጋል። ይህ የእሱ ግኝት አይደለም፤ በወሎ አብሮ ያደገ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው። ጎረቤትህ ለፈጣሪው ሲጠራ አንተ አትጮህበትም፤ በቃ። የዚህ ሰው ልብ የተሰበረው ከሁለቱ ሕጎች አንዱን አፍርሶ ቢሆን ኖሮ የእጁን አገኘ ብዬ አልፈው ነበር። እሱ ግን ሁለቱንም እንዳከበረ ነው የተሰበረው።

ነገሩ የጀመረው ካቻምና፣ አራት ወጣቶች ሱቁ ድረስ መጥተው «ኮምቦልቻ ላይ ኮንሰርት አለን፤ ቅዳልንና ከሕዝቡ ጭብጨባ ጋር አልበም እናውጣው» ሲሉት ነው። ስማቸውን «አራት ጉሮሮ» ብለውታል፤ የሚዘፍኑት ጃዝ ነው። ደምመላሽ ከኋላቸው ተሸክመውት የመጡትን ዕቃ ፈለገ። ምንም የለም።

«ሳክስፎኑስ? ከበሮውስ የታለ?»

«ጉሮሯችን ነው ጋሼ» አለችው ሰልዋ። የቡድኑ አፍ እሷ ናት፤ ለመናገርም ለመከራከርም።

«መሣሪያችሁን ሸጣችሁ በላችሁት በሉኛ!»

መልሳቸው ዘፈን ሆነ። እዚያው በቆሙበት ማስተዋል የሚባለው በከንፈሩ መለከት ነፋ፣ አግማስ በምላሱ ከበሮ መታ፣ ሰልዋ በባቲ ቅኝት ይዛ ወደ ላይ ወጣች። ከሁሉም ሥር ሀፊዝ ነበር። ሀፊዝ ኮምቦልቻ ውስጥ የውሃ ፓምፕ የሚጠግን፣ ሲያወራ «ምን አልክ?» የሚባል ዓይናፋር ልጅ ነው፤ ሲዘፍን ግን ድምፁ ከመሬት የሚወጣ ነው የሚመስለው። የመደርደሪያው መስታወት ነዘረ። ደምመላሽ ሳቁን ዋጠና ወንበር ሳበ። «ይህን ልጅ ከኔ ሌላ ማንም እንዳይቀዳው» አለ፤ ዋጋ እንኳ ሳይነጋገሩ ተስማሙ።

ኮንሰርቱ የኅዳር ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር፣ ኮምቦልቻ አንድ መስጊድ አቅራቢያ ባለ አዳራሽ ውስጥ። ደምመላሽ ሁለት ማሽን ዘረጋ። ትልቁ ድምፁን ለአዳራሹ ሰው የሚያደርስ ነው፤ ትንሿ የምትቀዳው ናት። ትንሿ ላይ አራት ቁልፎች ተደርድረዋል፣ ለእያንዳንዱ ዘፋኝ አንድ። የመጀመሪያዋ የሰልዋ፣ ሁለተኛዋ የአግማስ፣ ሦስተኛዋ የማስተዋል፣ አራተኛዋ የሀፊዝ። ስልኩን እንደ ልማዱ አውጥቶ ለሰልዋ ሰጣት፤ እሷም ቦርሳዋ ውስጥ ከታ መድረክ ላይ ወጣች።

ከማሽኖቹ ጎን፣ ከመጨረሻው ረድፍ ጥግ፣ ሻርፗን እስከ ግንባሯ የሳበች ሴት ተቀምጣ ነበር። ሐዋ ናት፣ የሀፊዝ እናት። በኮምቦልቻ ገበያ በርበሬና ቅመም ትሸጣለች፤ ባሏ ከሞተ ጀምሮ ልጇን ለብቻዋ ነው ያሳደገችው። ዘፈኑን አትወድለትም ነበር። «ይሄን የመሰለ ጉሮሮ ለመንዙማ ብታውለው ምን ነበር?» ትለዋለች። እሱ ግን አንድ ጊዜ ብቻ፣ አንድ ቀን ብቻ ነይልኝ ብሎ ለመናት። መጨረሻ ላይ የሚዘፍነው የሷ ነው፤ በርበሬ ስትቀነጥስ የምታንጎራጉራትን ዜማ ወስዶ ቃል ጨምሮበታል። እሷም መጣች፤ የሰፈር ሰው እንዳያያት ከኋላ ተቀመጠች፣ አዛን ሲል ውልቅ ብላ ልትሄድ በልቧ ቆርጣ ነበር።

ሁለት ዘፈን ተዘፈነ። ሦስተኛውን ሊጀምሩ ሲሉ የአስር ሶላት አዛን ተሰማ። ደምመላሽ የትልቁን ማሽን ድምፅ ወደ ታች አወረደ፤ ከዚያ የትንሿን አራት ቁልፎች አንድ በአንድ ዘጋቸው። አዛን ከዘፈን ጋር ተቀላቅሎ በአልበም ቢወጣ ነውር ነው፤ ይህን እንኳን እሱ፣ ሥራውን ትናንት የጀመረም ያውቃል። መድረኩ ላይ ያሉትም አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ። ያ ሁሉ ወጣት የሞላበት አዳራሽ አንድ ሰው ሳያስል አዛኑን እስከ መጨረሻው ሰማ።

አዛኑ ሲያበቃ ደምመላሽ የአዳራሹን ድምፅ መለሰ። ቀጥሎ ወደ ትንሿ ዞረ። የመጀመሪያዋን ከፈተ። ሁለተኛዋን። ሦስተኛዋን። ያኔ ከትከሻው ላይ እጅ አረፈ።

ሐዋ ናት። ልትወጣ ተነሥታ ነበር፤ ያየችው ነገር መለሳት።

«አንተ ልጅ፣ የማን ነህ?»

«ደምመላሽ እባላለሁ እትዬ፣ ከደሴ ነኝ።»

ክርስቲያን መሆኑን ከአንገቱ ማተብ ዓይታለች። ዓይኗ እንባ ሞላ። «ወላሂ ልሄድ ነበር፤ አሁን አልሄድም። አንተ ካከበርክልኝ እኔም ልጄን እሰማዋለሁ። ና ልመርቅህ!»

ምርቃት በአንድ እጅ አይቀበሉትም። ደምመላሽ ከወንበሩ ተነሣ፣ ወደሷ ዞረ፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ ጎንበስ አለ።

«አላህ ያክብርህ።»

«አሜን።»

«ልጆችህን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልህ።»

«አሜን።»

«እጅህን ያለምልመው፤ እጅህ የያዘው አይጥፋብህ።»

«አሜን፣ አሜን እትዬ።»

ሲቀመጥ ዘፈኑ ተጀምሯል። ደስታው ፊቱ ላይ ነበር፤ የትንሿ ማሽን መብራቶች ብልጭ ብልጭ ሲሉ አየ፣ አዳራሹም የሀፊዝን ድምፅ ከትልቁ ማሽን እየሰማ ይነዝራል። ምን ብሎ ይጠርጥር? አራተኛዋ ቁልፍ እስከ መጨረሻው ድረስ እንደተዘጋች ነበረች።

የመጨረሻው ዘፈን ሲደርስ ሀፊዝ ወደ ፊት ወጣ። «ስልካችሁን አስቀምጡልኝ» አለ፣ በዚያች በማትሰማ ድምፁ። «ይሄን ጋሽ ደምመላሽ እየቀዳው ነው። እናንተ ዝም ብላችሁ ስሙኝ።» ሰው ሁሉ ስልኩን ወደ ኪሱ መለሰ። ሦስቱ ከኋላው ለስለስ አድርገው ሲያንጎራጉሩለት፣ እሱ የእናቱን ስም ጠርቶ ለብቻው ዘፈነ፦

በርበሬው ነው ብለሽ እንባሽን ደበቅሽው፣
እኔ መች ጠፋኝና ለኔ እንዳለቀስሽው።

ሐዋ ሻርፗን ዓይኗ ላይ አድርጋ ሰማችው። ደምመላሽም አለቀሰ፤ በሥራ ላይ ሲያለቅስ የመጀመሪያው ነው።

ከዚያ ቀን በኋላ ቅጂውን ወዲያው መክፈት ነበረበት። የሰርግ ወራት እየገባ ነበር፤ ነገ አለ፣ ከጥምቀት በኋላ አለ፣ ሰርጉ ጋብ ሲል አለ። ሀፊዝ ሁለት ጊዜ ደውሎለት «ጋሼ፣ እማ ትሰማው ብዬ ነው» ብሎት ነበር። «አንተ ልጅ፣ ወጥ በጥድፊያ ይሠራል እንዴ?» አለና ሳቀበት። በየካቲት መጀመሪያ፣ ጉም በዋጠው ጠዋት፣ ሀፊዝ ወደ ደሴ የሚወጣበት ሚኒባስ ሐረጎ ጠመዝማዛ ላይ ተገለበጠ። ሌሎቹ ተሳፋሪዎች ተርፈዋል። እሱን በማግስቱ ቀበሩት፤ ደምመላሽ ከቀባሪዎቹ ጋር ቆሞ ነበር።

ቅጂውን የከፈተው ከቀብሩ በሳምንቱ ነው። ሱቁን ከውስጥ ቆልፎ፣ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ሁለቱ ዘፈኖች ውስጥ ሀፊዝ አለ፤ ግን በሁለቱም ቃል የለውም፣ «እም» እያለ ከሥር የሚያጅብ ብቻ ነው። ሦስተኛው ላይ የለም። አራተኛው ላይ የለም። ደምመላሽ ሽቦውን ነካካ፣ ማሽኑን አጥፍቶ አበራ። መጨረሻውን ዘፈን ከፈተ። ሦስቱ ያንጎራጉራሉ፤ መሐሉ ባዶ ነው። ያንጎራጉራሉ፣ ያንጎራጉራሉ፣ ከዚያ አዳራሹ በጭብጨባ ይፈነዳል፤ ሰው ማንም ላልዘፈነው ዘፈን ቆሞ ያጨበጭባል።

ያኔ እጁ ትዝ አለው። የተዘረጋው ሁለት እጁ። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ይባላል፤ ሠላሳ ዓመት ድምፅ ሲሰበስብ የኖረ ሰው የሚፈልጋትን አንዲት ድምፅ አጣት። ሰርካዲስ ስትመጣ ወለሉ ላይ ተቀምጦ አገኘችው።

ለሦስቱ ወጣቶች የነገራቸው ግማሹን ነው፤ የሀፊዝ ቁልፍ ተዘግታ ቀረች አላቸው። አጥብቆ ሲያዳምጥ ግን፣ ሀፊዝ ከሰልዋ ብዙም ሳይርቅ ቆሞ ስለነበር ድምፁ በሷ ማይክሮፎን በኩል ትንሽ ገብቷል። ደምመላሽ ወራት ሙሉ ያቺን ጭላጭ ለማውጣት ለፋ። የሰልዋን ዝቅ፣ የጭብጨባውን ዝቅ፣ ሀፊዝን ከፍ። ከፍ ባደረገው ቁጥር ሽሽ የሚለው የቅጂው ጫጫታ አብሮ ከፍ ይላል። የተገኘው ከግድግዳ ማዶ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ነው፤ ቃሉ አይያዝም።

አግማስ መላ አመጣ። «ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እንደሱ ወፍራም ድምፅ ያለው ልጅ አለ። ግጥሙን እኛ እናውቀዋለን፤ እሱ ዘፍኖት ቦታው ላይ እንክተተው። እማማ ሐዋ ደስ ይላታል እንጂ አታውቅም።» ልጁ መጥቶ ዘፈነ። አይ፣ እውነቱን ለመናገር ቆንጆ አድርጎ ዘፈነው፤ ደምመላሽ ሲሰማው ጠጉሩ ቆመ። ሁለት ቀን ሐሳቡ ሲያባብለው ሰነበተ፤ ሊልከውም ተነሥቶ ነበር።

«እናት የልጇን ትንፋሽ አታውቅም ብለህ ነው?» አለችው ሰርካዲስ። «ባታውቅስ? በሌላ ሰው ልጅ ድምፅ ልታስለቅሳት ነው?»

አጠፋው።

የሀፊዝ ሙት ዓመት ሲቃረብ ሰልዋ ቁርጥ አደረገችው፤ አልበሙ እንዳለ ይውጣ፣ ባዶው ቦታም ባዶ ይሁን። ሐዋ ግን ሕዝብ ከመስማቱ በፊት ከራሱ ከደምመላሽ አፍ ትስማ። ሐዋ በየጊዜው መልእክት ትልክ ነበር፤ ምንም አትጨምርም፣ «ካሴቱ ደረሰ ወይ?» ብቻ። የልጇ ስልክ እዚያው መኪናው ውስጥ ደቋል፤ ድምፁን የምታገኝበት ሌላ መንገድ አልነበራትም።

ባለፈው ጥር አንድ ከሰዓት ደምመላሽና ሰልዋ ወደ ኮምቦልቻ ወረዱ። በመንገድ ላይ ሁሉንም ሊነግራት ወሰነ። ሁሉንም፤ ምርቃቱንም ጭምር። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ ቶሎ ቢጠራ ይሻላል አለ በልቡ።

ሐዋ በር ላይ ጠበቀቻቸው። ቤቷን ጠርጋ፣ ንጹሕ ልብስ ለብሳ፣ ሲናፍቃት የኖረ እንግዳ እንደደረሰላት ሰው ነበር ፊቷ። «አብሽር፣ ግባ! አንተ የአላህ ሰው፣ ግባ!» አለችው። ይዞት የመጣውን ትንሽ ስፒከር ተቀብላ ከመደቡ ላይ አስቀመጠችለት፤ እሷ ከአጠገቡ ተቀመጠች።

መጀመሪያ ሁለቱን ዘፈኖች አሰማት። የሀፊዝን «እም» ስትሰማ እጇን ስፒከሩ ላይ አደረገች፤ ንዝረቱን በመዳፏ ያዘችው። ፈገግ አለች። «ይሄው እኮ ነው! ሲያኮርፍም እንዲህ ነው የሚለው።» ሰልዋ ሳቀች፤ ወዲያው ፊቷን አዞረች።

«የኔዋን አሰማኝ አሁን።»

ደምመላሽ ከፈተላት። ሦስቱ ማንጎራጎር ጀመሩ፤ ከጫጫታው ውስጥ፣ ከሩቅ፣ ያ ድምፅ መጣ። ሐዋ ጆሮዋን ስፒከሩ ላይ ለጠፈች። ግንባሯ ተቋጠረ።

«ልጄ ለምን ራቀ?»

ስፒከሩን ወደ ራሷ ሳበችው።

«ቅድም እዚሁ ነበር፣ አጠገቤ። አሁን ማዶ ቆሞ ነው የሚዘፍነው። አቅርብልኝ እንጂ ደምመላሽ፣ ስሜን ሲጠራኝ ልስማው።»

«አይቀርብም እትዬ ሐዋ።»

«ምነው? ማሽኑ ተበላሸ?»

«ማሽኑ ደኅና ነው። ያበላሸሁት እኔ ነኝ።» ዘፈኑን አቆመው። «የእሱ ቁልፍ ተዘግታ ነበር። ሳልከፍታት ቀረሁ። ከዚህ በላይ ድምፅ የለም፤ ይኸው ነው ያለው።»

ሐዋ እጇን ከስፒከሩ ላይ አላነሣችም።

«መቼ ነው የተዘጋችው?»

«ለአዛኑ ብዬ ዘግቻት ነበር።»

«ለአዛኑ» አለች ቀስ ብላ። በሐሳቧ ወደ ኋላ መሄድ ጀመረች፤ ያን ቀን፣ ያን አዳራሽ፣ ያን ወንበር እያሰበች መሆኗ ፊቷ ላይ ይነበባል። «አዛኑ አለቀ። እኔ ተነሣሁ። እጄን ትከሻህ ላይ አደረግሁ…» ቀና ብላ አየችው። ዓይኗ ውስጥ ፍርሃት ነበር፤ በልጇ ቀብር ቀን እንኳ ያላየባት ፍርሃት። «ደምመላሽ፣ እኔ ስመርቅህ ቁልፏ ተከፍታ ነበር?»

በመንገድ ላይ ያዘጋጀው እውነት እዚህ አፉ ላይ ደረሰ። ፊቷን አየና ዋጠው።

«ተከፍታ ነበር።»

«ወላሂ በል።»

«እግዚአብሔርን! እርስዎ መርቀውኝ ሲቀመጡ ሁሉም ክፍት ነበር። በኋላ ስልክ ተደወለልኝ። ስልኩን ሳወጣ በክንዴ ነካኋት መሰለኝ ተዘጋች። ወሬ ይዤ ነበር፤ አላየኋትም።»

«ስልክ?»

«ስልክ።»

«ልጄ በስሜ ሲጠራኝ አንተ ስልክ ታወራ ነበር?»

«አዎ እትዬ።»

ፍርሃቱ ከፊቷ ለቀቀ፤ በቦታው ቁጣ ገባ። ደምመላሽ ይህን ሲያይ የማረፍ ያህል ተሰማው፤ ቀጥሎ የሚመጣውን ገና አላወቀም።

«እርግማን አልልብህም» አለች ሐዋ። ድምፅዋ ከፍ አላለም። «ቤቴ እንግዳ ነህ፤ ልጄንም ቀብረህልኛል። ያን ቀን የመረቅሁህን ግን አንስቻለሁ። ሰምተሃል? ምርቃቴን አንስቻለሁ። አሁን ውጣልኝ።»

ተነሣ። ሊሰናበታት ጎንበስ ሲል ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። ስፒከሩን ሊወስድ እጁን ሰደደና ተወው፤ መዳፏ አሁንም ላዩ ላይ ነበር።

ሁለቱ እስከ መኪና መሳፈሪያው በእግራቸው ወረዱ። ረዳቱ «ደሴ! ደሴ! ሁለት ሰው!» እያለ ይጣራል። ሰልዋ ቆመች።

«ጋሼ፣ ያን ቀን ስልክህ እኮ እኔ ቦርሳ ውስጥ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን…» ጀምራ አቆመች። መድረክ ላይ ሆና ያየችው ነገር ትዝ አላት፤ አዛኑ እንዳበቃ ደምመላሽ ጀርባውን ለማሽኑ ሰጥቶ፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ፣ ጎንበስ ብሎ። አፏን በሻርፗ ያዘች።

«ሆድ ይፍጀው ሰልዋ» አላት። «እኔን ትጥላኝ። ራሷን ከምትጠላ እኔን ትጥላኝ፤ እኔ እችለዋለሁ።»

አልቻለውም። ሚኒባሱ ሐረጎን መውጣት ሲጀምር ሁለት እጁን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ያያቸው ጀመር፤ ደሴ እስኪደርሱም እያለቀሰ ነበር።